የሥጋና የመንፈስ ተጋድሎ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ምእመናን በጻፈው መልእክት የሥጋ ምኞትና የመንፈስ ፈቃድ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ፥ በአንድ ሰው ውስጥም ሆነው የሚጋደሉ መሆናቸውን አስተምሮናል (ገላ. 5፥17)። ይህን ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ያልሰማ ምእመን አይገኝም። ነገር ግን ስንሰማው ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ እንወድቃለን። አንዳንዶቻችን «ሥጋ» የተባለው ይህ የምንዳስሰው አካል ብቻ ይመስለንና እግዚአብሔር የፈጠረውን አካል እንደ ጠላት እንቈጥረዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ሰው ነንና ምን ይደረግ» በማለት በደላችንን ሁሉ በአካላችን ላይ ጭነን ልባችንን ከክስ ነጻ እናወጣዋለን። ፊተኛው ስሕተት ወደ ተስፋ መቍረጥ፥ ኋለኛው ወደ ቸልተኝነት ያደርሳል። ስለዚህ ሥጋ ማለት ምን እንደ ሆነ፥ ተጋድሎውስ እንዴት እንደሚፈጸም በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት አስበናል። ነገሩም በቃል ብቻ እንዳይቀር ከአገራችን ከዲማ አንድ ምሳሌ እናመጣለን።

ሥጋ ማለት ምን ማለት ነው?

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት መፈጠሩን ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ ባሕርያት ናቸው፤ እነርሱም መሬት፥ ውኃ፥ ነፋስና እሳት ናቸው። ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ናቸው፤ እነርሱም ለባዊነት፥ ነባቢነትና ሕያውነት ናቸው። ከነዚህ ከሰባቱ አንዱ ስንኳ ክፉ ሆኖ የተፈጠረ የለም። ይልቁንም አካላዊ ቃል ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋንና ነፍስን ነሥቶ በተዋሕዶ ሰው በሆነ ጊዜ የሥጋችን ክብር በሰማይና በምድር ተገልጧል። ሥጋ በባሕርዩ ርኩስ ቢሆን ኖሮ ቅዱሱ ጌታ ባልተዋሐደው ነበር።

ሥርዓታችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ውኃው የሚፈስሰው በአካል ላይ ነው። ቅብዐ ሜሮን የሚታተመው በ36 የአካል ክፍሎች ላይ ነው። ቅዱስ ቍርባንን የምንቀበለው በአፋችን ነው። ከሞትንም በኋላ አካላችን በጸሎትና በዕጣን የሚሸኘው ትንሣኤን ስለሚጠብቅ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል የምታከብረውን አካል እኛ የኃጢአት ምንጭ ብለን ልንጠራው አይገባንም።

ይህን የሚያጸና ሌላ ማስረጃ አለ። ዲያብሎስ አይበላም፤ አይጠጣም፤ አይሰክርም፤ ሥጋም የለውም። ሆኖም በትዕቢት ወድቋል፥ በሰውም ላይ ቀንቷል። ኃጢአት ከአካል ብቻ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ ሥጋ የሌለው መልአክ እንዴት በወደቀ ነበር? ሐዋርያውም የሥጋን ሥራዎች ሲዘረዝር ዝሙትንና ስካርን ብቻ አይጠራም፤ ጣዖት ማምለክን፥ ጥልን፥ ክርክርን፥ ቍጣን፥ መለያየትንና ምቀኝነትን በዚያው መዝገብ ያስገባቸዋል (ገላ. 5፥19-21)። ምቀኝነት የእጅ ወይም የሆድ ሥራ አይደለም፤ የልብ ሥራ ነው። ከዚህ የተነሣ «ሥጋ» የተባለው እግዚአብሔርን ትቶ ለራሱ ብቻ መኖር የሚሻው ፈቃዳችን መሆኑን እንረዳለን። ይህ ፈቃድ በሆድ በኩል ሲወጣ ስስት ይባላል፤ በዓይን በኩል ሲወጣ ፍትወት፤ በልብ በኩል ሲወጣ ትዕቢት ይባላል። ሥሩ ግን አንድ ነው።

የዲማው ምሳሌ

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም፥ በብቸናና በደብረ ወርቅ አካባቢ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው። መሥራቹ አቡነ ተከሥተ ብርሃን መሆናቸውን አባቶች ይናገራሉ። ጎንጅንና ዋሸራን ባስገኘች በጎጃም ምድር ዲማም በጉባኤ ቤቱ ስሙ የታወቀ ነው። በዚያ አንድ የቅኔ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእመቤታችን ስም እየለመነ ቍራሽ ያገኛል፤ ቀን ግሱንና አገባቡን ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ የቈጠረውንም ቅኔ በመምህሩ ፊት አቅርቦ ይታረማል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ረኀብና ብርድ፥ እንቅልፍና ናፍቆት ይፈትኑታል። የሥጋንና የመንፈስን ተጋድሎ ከመጽሐፍ ይልቅ በኑሮው የሚማር ሰው ቢኖር እንዲህ ያለው ተማሪ ነው።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ መጽሐፍ ታሪኩ በአብዛኛው የሚፈጸመው በዚሁ በዲማ ነው። ደራሲው ራሳቸው በጎጃም አብያተ ጉባኤ የተማሩ ስለ ነበሩ የዚያን አገር የካህናትና የመኳንንት ኑሮ የጻፉት በሩቅ ሰምተው አይደለም። መጽሐፉ ዓለማዊ ድርሰት ነው፤ እኛም የሃይማኖት ምስክር አድርገን አናቀርበውም። ነገር ግን ስለምንነጋገርበት ጉዳይ ካህንም ምእመንም ሊያስብበት የሚገባ ነገር ይዟል።

በዛብህ የተባለው ወጣት ከማንኩሳ የመጣ ነው። ወላጆቹ ሕፃን ሳለ እንዳይሞትባቸው ፈርተው፥ በሕይወት ቢኖር ሳያገባ በድንግልና ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ተሳሉበት። ልጁም አድጎ ተማረ፤ ዲማም ደረሰ። በዚያም በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የልጃቸው የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆነ። ፍቅር በመካከላቸው በተነሣ ጊዜ ወጣቱ በስእለቱና በልቡ መካከል ተያዘ፤ ፍጻሜውም ስደትና ሞት ሆነ። ሰብለ ወንጌልም መነኰሰች።

ይህን ታሪክ ያነበበ ወይም በሬድዮ ሲተረክ የሰማ ሁሉ የሥጋን ፈተና የሚፈልገው በበዛብህ ላይ ነው። እኛ ግን በዚያው ቤት የተቀመጠውን ሌላውን ሰው እንድንመለከት እንወዳለን። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ሐረጋቸው ይመካሉ፤ ለልጃቸው የመጣውንም አጭ በትውልድ አይመጥነንም እያሉ ይመልሳሉ፤ ልጅቱም በአባቷ ቤት ዕድሜዋን ትፈጃለች። በአንድ ጣራ ሥር የወጣቱ ፍቅር ኃጢአት ሲባል የሽማግሌው ትዕቢት ክብር ተባለ። ሐዋርያው በሠራው መዝገብ ብንመዝነው ግን በአጥንትና በዘር መመካት፥ ድኻንም መናቅ ራሱ የሥጋ ሥራ ነው። አደገኛነቱም ጾምን የማይሽር፥ ከቅዳሴ የማያስቀር፥ ስለዚህም ባለቤቱ ለንስሐ አባቱ የማይናገረው ኃጢአት መሆኑ ነው። የሰረቀና የሰከረ ማፈሩ አይቀርም፤ በትውልዱ የሚመካ ግን በምን ያፍራል?

የወላጆች ስእለት

አሁን ወደ ስእለቱ እንመለስ። ልጅን ለእግዚአብሔር መስጠት መልካም ነው፤ ቅድስት ሐናም ሳሙኤልን በስእለት ሰጥታለች (1 ሳሙ. 1)። ነገር ግን ሐና የተሳለችው ልጇ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ነው። ሳሙኤልም አገለገለ፤ ነቢይም ሆነ፤ ደግሞም ልጆች እንደ ነበሩት፥ ስማቸውም ኢዮኤልና አብያ እንደ ሆነ መጽሐፍ ይነግረናል (1 ሳሙ. 8፥1-2)። እንግዲህ በስእለት መሰጠትና በድንግልና መኖር አንድ ነገር አይደሉም። ከሐና አንጻር ዮፍታሔን ስንመለከት አስቀድሞ ሳያስብ ተሳለ፤ የስእለቱንም ሸክም የተሸከመችው ልጁ ሆነች (መሳ. 11)። ሁለቱም ወላጆች ተስለዋል፤ አንደኛዋ የሰጠችው ልጇን ለአገልግሎት ነው፤ ሁለተኛው ግን የራሱን ቃል በልጁ ሕይወት ከፈለ።

በኦሪት ስንኳ ሰው በስእለት ለእግዚአብሔር ሲሰጥ በግምት የሚዋጅበት ሥርዓት ተሠርቶ ነበር (ዘሌ. 27)። በሐዲስ ኪዳንም ጌታችን ስለ ድንግልና ሲያስተምር ለሁሉ የተሰጠ ሳይሆን ሊቀበለው የሚችል የሚቀበለው መሆኑን ገልጧል (ማቴ. 19፥11-12)። ሐዋርያውም ራሱን መግዛት ለማይችለው ጋብቻን ፈቅዷል (1 ቆሮ. 7፥9)። በገዳማችንም ሥርዓት ቢሆን መናኝ ገና በመጣ ዕለት አስኬማ አይጭንም፤ በአመክሮ ይቈያል፤ ይታያል፤ ይጠየቃል። አባቶች ዐዋቂውን ሰው ሳይፈትኑ የማያመነኵሱት ከሆነ፥ በእናቱ ጀርባ ያለ ሕፃን ያልፈተነውን ቀንበር እንዴት እንጭንበታለን?

ይህን የምንለው ድንግልናን ለማሳነስ አይደለም፤ ድንግልና የመላእክት ኑሮ ነው። ነገር ግን ታላቅነቱ በፈቃድ በመቅረቡ ነው። ጋብቻም የሥጋ ሽንፈት አይደለም፤ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ምሥጢረ ተክሊል ነው። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በተክሊልና በቍርባን አግብቶ፥ ከዚያ ክህነት ተቀብሎ በመሠዊያው ፊት ይቆማል። በሥጋና በመንፈስ መካከል ያለው ጦርነት በጋብቻና በምንኵስና መካከል የሚደረግ ጦርነት ቢሆን ኖሮ ያገባ ካህን ባልቀደሰ ነበር። መነኵሴም በትዕቢት ሥጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ባለ ትዳርም በትዕግሥትና በመጽናት መንፈሳዊ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች አደራ እንላለን። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ለቤተ ክርስቲያን ስጡ፤ የሕይወቱን መንገድ ግን ሲያድግ ራሱ በጸሎትና በምክር ይምረጥ። መምህራን ሆይ፥ ተማሪው ቅኔ ሲሳሳት እንደምታርሙት በልቡ ሲፈተንም ስሙት፤ ፈተናውን ለመናገር የሚፈራ ተማሪ ብቻውን ተዋግቶ ብቻውን ይወድቃል። የንስሐ አባቶች ሆይ፥ በስእለት ታስሮ የሚጨነቅ ወጣት ሲመጣ በኀፍረት አታሳድዱት፤ ነገሩን ወደ ሊቃነ ጳጳሳት አድርሳችሁ በቀኖና እንዲፈታ አድርጉለት። በዛብህን የገደለው ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ጭንቀቱን ያለ ፍርሃት የሚነግረው አባት ማጣቱም ነው ብለን እናምናለን።

መፈተን መውደቅ አይደለም

ብዙ ምእመናን «ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛልና የተጣልሁ ነኝ» እያሉ ያዝናሉ። ነገር ግን ሐሳብ መምጣቱና ሐሳቡን መቀበል የተለያዩ ናቸው። አባቶቻችን ኃጢአት በሐልዮ፥ በነቢብና በገቢር እንደሚሠራ ያስተምራሉ፤ በሐልዮ የሚሠራውም ሰው የመጣበትን ሐሳብ አስተናግዶ፥ ወድዶ፥ በልቡ ሲያኖረው ነው። በራፍ ላይ የመጣ ሁሉ እንግዳ አይባልም፤ ገብቶ የተቀመጠው ነው እንጂ።

ይህንንም ከተማሪው ኑሮ ብንማረው መልካም ነው። ተማሪው በየደጁ ሲለምን ውሻ ይጮኽበታል። የውሻው ጩኸት ንክሻ አይደለም። ተማሪው በጮኸበት ውሻ ሁሉ ላይ ድንጋይ ሲወረውር ቢውል አኩፋዳው ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ ዱላውንም ጥሎ ቢሮጥ ይነከሳል። ስለዚህ ዱላውን ይዞ፥ ልመናውን ሳያቋርጥ፥ ወደ ፊት ይሄዳል። ክርስቲያንም እንዲሁ የሐሳብን ጩኸት ሰምቶ አይደንግጥ፤ ከሐሳቡም ጋር ሲከራከር አይዋል፤ የጸሎትን በትር ይዞ መንገዱን ይቀጥል።

ሐዋርያው በሮሜ መልእክቱ 7ኛ ምዕራፍ የሚወደውን በጎ ነገር ትቶ የሚጠላውን ስለሚያደርግ ሰው ይናገራል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ሲተረጕም ሐዋርያው በራሱ ስም የተናገረው ከጸጋ በፊት በሕግ ሥር ስለ ነበረው ሰው ነው ይላል። ሌሎች መተርጕማን ደግሞ የተጠመቀውም ክርስቲያን የሚያገኘው ትግል እንደ ሆነ ይተረጕማሉ። ሁለቱ ትርጓሜዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም የምዕራፉ ፍጻሜ ልቅሶ ሳይሆን በኢየሱስ ክርስቶስ በኩል የሚቀርብ ምስጋና መሆኑ ነው። ሕግ ቍስሉን ያሳያል፤ የሚፈውሰው ግን ጸጋ ነው። ቍስሉን አይቶ የሚያለቅስ ሰው ሕይወት አለው፤ የሞተ አካል ሕመም አይሰማውምና።

የተጋድሎው መሣሪያ

ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ በሦስት ነገር ተፈተነ። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን ስስትን በትዕግሥት፥ ትዕቢትን በትሕትና፥ አፍቅሮ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ ድል ነሣ። በዚህም ለእያንዳንዱ ሕመም ልዩ መድኃኒት እንዳለው አሳየን። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ለትዕቢት ሕመም የሆድን ጾም ብቻ ስንሰጥ ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሞ ባላጋራውን ሳይታረቅ ለፋሲካ የሚደርስ ሰው ሆዱን አስርቦ ትዕቢቱን ቀለበ። የሆድ ጾም ከምጽዋት፥ ከዕርቅና ከትሕትና ጋር ሲሆን ብቻ ሙሉ መሣሪያ ይሆናል።

በሌላ በኩል ደግሞ ልክ ማጣት አለ። ከመጽሐፈ መነኮሳት የምንማረው ተጋድሎ ሁሉ በመጠንና በአባት ምክር መደረግ እንዳለበት ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን ያውቃል። በሬውን ያስራበ ገበሬ በሐምሌ ማረስ አይችልም፤ በሬውን ያለ ቀንበር የለቀቀም አዝመራውን ያስበላል። ብልህ ገበሬ በሬውን ይመግባል፤ ይጠምደዋልም። አካል በሬ ነው፤ ነፍስ ገበሬ ናት፤ ቀንበሩም የክርስቶስ ትእዛዝ ነው። በሬው ጠላት ስላልሆነ አይገደልም፤ ጌታም ስላልሆነ አይመራም።

የቅኔ ሰዎችም በሰምና ወርቅ ይህን ሊያስተውሉት ይችላሉ። ወርቁ ያለ ሰም አይገለጥም፤ ሰሙም ወርቁን ካልያዘ ባዶ ቃል ነው። ባለ ቅኔው ሰሙን የሚያበጀው ወርቁ እንዲታይበት ነው። አካላችንም እንዲሁ ነው፤ ጾሙ፥ ስግደቱ፥ ለድኻ የምንዘረጋው እጅ፥ ለታመመ የምንሄድበት እግር የማይታየው ፍቅር የሚታይባቸው ሰም ናቸው። ፍቅር የሌለበት ስግደት ወርቅ የሌለው ሰም ነው፤ በሥራ የማይገለጥ ፍቅርም ሰም ያልተበጀለት ወርቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን በራሳችን ኃይል ድል እንደማንነሣ እንወቅ። የመንፈስ ፍሬዎች «ፍሬ» የተባሉት በጌጥ መልክ ከውጭ የሚንጠለጠሉ ሳይሆኑ በውስጥ ካለው ሕይወት የሚበቅሉ ስለ ሆኑ ነው። ያ ሕይወት በጥምቀት ተሰጥቶናል፤ በንስሐ ይታደሳል፤ በሥጋ ወደሙ ይመገባል። ስለዚህ የወደቀ ይነሣ፤ ሰባት ጊዜም ቢወድቅ ሰባት ጊዜ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። «ንጹሕ ስሆን እቈርባለሁ» የሚል ሰው «ስድን መድኃኒት እወስዳለሁ» የሚልን በሽተኛ ይመስላል፤ ንስሐ ገብቶ፥ በአባቱ ቀኖና ተዘጋጅቶ ይቅረብ።

ክቡራን አንባብያን፥ በያዝነው ሳምንት እያንዳንዳችን ሁለት ነገር ብናደርግ መልካም ነው። አንደኛ፥ ከልባችን ውስጥ ክብር ብለን የሸሸግነው፥ ለንስሐ አባታችን ተናግረነው የማናውቅ የሥጋ ሥራ እንዳለ እንመርምር፤ በዘር መመካት ይሁን፥ ቂም ይሁን፥ ድኻን መናቅ ይሁን። ሁለተኛ፥ በቤታችን ወይም በጉባኤ ቤታችን በፈተና ተይዞ ዝም ያለ ወጣት ቢኖር ቀርበን እንስማው። በዛብህ በልብ ወለድ ሞቷል፤ የርሱን ያህል የሚጨነቁ ግን በሕይወት አሉና።

ሥጋችንን ተዋሕዶ ሥጋችንን ያከበረ ጌታ ፈቃዳችንን ለፈቃዱ ያስገዛልን። ለርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።